ስልኬን ያስጣለኝ መርዶ

ደባርቅ ውስጥ በወሬ የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። የሊማሊሞ መንገድ በናዳ ሲዘጋ፣ ዛሪማ ላይ እህል ሲወደድ፣ ሰው ሲሾም፣ ሰው ሲሞት፣ መጀመሪያ የሚነበበው የእኔ ፌስቡክ ላይ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመምህርነት ቢሆንም ልቤ ያለው እዚያ ነበር። ሚስቴ ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን ስከፍት እያየች "ዛሬስ ማን ሞተልህ?" ትለኛለች። እስቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እህል ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ እየወረደ ነበር። አስከሬኑ ደባርቅ ሲገባ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ያደረግሁትን ለመጻፍ እጄ ያመነታል። ሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጬ፣ እንባዬ ስልኩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ለጠፍኩና "ወንድሜ፣ ነፍስህን ይማር" ብዬ ጻፍኩ። ለቅሶዬ የእውነት ነበር። ግን እያለቀስኩም ስንት ሰው እንዳየው ደጋግሜ ከፍቼ እመለከት ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሟቹ አጎት ከዳባት ደወሉ። ቄስ ናቸው፤ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም።

"ልጄ፣ ምነው ምን አደረግህ? እህቱን እኮ ገና አላረዳናትም!"

የለጠፍኩትን ወዲያው አጠፋሁት። እህቱ ዳባት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ከሁለታችንም ትበልጣለች፤ እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔንም ከእሱ እኩል አብልታኛለች። "እታለም" ነው የምላት። በእኛ አገር መርዶ በደረሰበት ሰዓት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ነገሩን በሆዱ ይዞ ያድርና ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። የሚናገሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የቀረነው የምንሄደው ስትወድቅ ልንይዛት ነው። ነገሩ ሁሉ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳትሰማ ነው።

ንጋት ላይ ዳባት ደጇ ላይ ከሰዎቹ ኋላ ቆምኩ። አጎቷ አንኳኩ። በሩን ከፍታ "ምነው፣ በደኅናችሁ ነው?" አለች። ነገሯት። ጮኸች፣ ወደቀች፣ ሴቶቹ ያዟት። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። የለጠፍኩትን አላየችውም።

ያም ሆኖ ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ከሰልስቱ በኋላ ፌስቡኬን ዘጋሁ። "ታሰርክ እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ይገባ ነበር። ቀኑ ረዘመብኝ፤ እስከዚያ ድረስ ምን ላይ ሳጠፋው እንደኖርኩ ሳስብ አፈርኩ። ሰው መታመሙን ስሰማ "እግዚአብሔር ይማርህ" ብሎ መጻፉን ትቼ ሄጄ መቀመጥ ጀመርኩ። መቀመጥም ለካ ይከብዳል። የሚባለው ሁሉ ያልቅና ዝም ብሎ መተያየት ይመጣል፤ እሱን መቻል ነበረብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ዳባት እሄዳለሁ። እታለም ሱቅ እቀመጣለሁ፣ ከላይ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጣቃ አወርድላታለሁ። ስለዚያ ቀን ግን አንስቼ አላውቅም። ያላየችውን ነገር ነግሬ ለምን አቆስላታለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ገበያው ተቀዛቅዞ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መቀሷን አስቀመጠችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ያን ቀን እዚህ ቆሜ ጨርቅ እለካ ነበር" አለች። "ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው የእናንተ ፎቶ ነው።"

አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ቀጠለች።

"ለሴትዮዋ ሦስት ሜትሯን ቆርጬ ሰጠኋት። በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ጎረቤት እንዳይሰማኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነው ያለቀስኩት። ሽማግሎቹ ሲነጋ እንደሚመጡ አውቄያለሁ። ያን ያህል ተጠንቅቀው፣ ቀድማ ሰምታለች ብለው እንዳይሰበሩ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ከፈትኩላቸው።"

"እታለም..."

"አንተም ከኋላ ነበርክ። እኔ ስጮህ ፊትህ ሲፈታ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?" አልኳት።

"የምትችለው እስኪመስለኝ ጠበቅኩህ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን አይሰማውም። ስትሰማው አጠገብህ ልሁን ብዬ ነው።"

አለቀስኩ። እስክጨርስ ድረስ እጄን ይዛ ተቀመጠች።