ዲግሪዬ በበግ ሲገመት

ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት እንዲያ ሊደነግጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ “በቁሜ ላካፍላችሁ” አሉና ሦስት ሽማግሌ አስቀመጡ። ሞላሌ አጠገብ ባለው ቤታችን የሚካፈል ነገር ብዙ አልነበረም። አግብታ ፈትታ ከአባቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ መሬቱን ስለምታሳርሰው እሱ አይነካም ተባለ። የቀሩት ሠላሳ ስድስት በጎች ናቸው፤ ለአባቴ፣ ለእህቴና ለእኔ፣ ለሦስት ሲካፈሉ ለያንዳንዳችን ዐሥራ ሁለት። ይህን ለማስላት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ። ዐሥራ ሁለቱን በጎች ገና ከወረዳው ከተማ ሳልነሳ በልቤ ሸጬያቸው ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ልንገዛ ተነጋግረን፣ እሱ ድርሻውን አዘጋጅቶ እኔን ይጠብቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ የአንዲት ማሽን ግማሽ ማጠራቀም አለመቻሌ ያንገበግበኛል። በምቆጣጠረው ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬ ከዐሥረኛ ክፍል የወጣ ነው። ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ክፍሎቹን ያከራያል፤ ከተከራዮቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ስጋቴ አንድ ነበር። በኛ ሰፈር ልማድ አንዱ ልጅ ቀደም ብሎ የወሰደው ነገር ካለ፣ ለሠርግ የተሰጠው በሬም ቢሆን፣ ከድርሻው ይቀነስበታል። ትምህርቴን እንዳይቆጥሩብኝ ፈርቼ የደመወዝ ወረቀቴን በኪሴ ይዤ ገባሁ።

የፈራሁት አልቀረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በገበያ ቀን የበግ ላት ዳብሰው ዋጋ በመናገር የታወቁ ናቸው። እሳቸው በመጀመሪያ ልጁ የበላው ይታወቅ አሉና ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ለመንገድና ለልብስ ወይፈኑ ተሸጠ፤ ለላፕቶፕ በቅሎዋ ሄደች፤ በየዓመቱ መስከረም ሁለት ሁለት ሙክት። እኔ የረሳሁትን ሁሉ ያውቃሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ላት እንደሚዳብስ ሰው ትክ ብለው አዩኝና “ለመሆኑ ይቺ ዲግሪ በዓመት ስንት ትወልዳለች?” አሉኝ።

ይህንን ነበር የምጠብቀው። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። ይህ ግብር፣ ይህ ጡረታ፣ ይህ መንግሥት ላስተማረበት የሚቆርጠው የወጪ መጋራት። የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ በወር የሚተርፈኝ የአንድ ጠቦት ዋጋ አይሞላም አልኳቸው። ዲግሪዬ ላም አለኝ በሰማይ ናት፣ ወተቷን አላየሁም ብዬም ጨመርኩበት። አላመኑኝም። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ የንስሐ አባታችን፣ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡትና “በስመ አብ” አሉ።

አባቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደመወዜን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። “ይኼ የሳምንት ነው?” አሉ። የወር ነው አልኳቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁና ወረቀቱን ባላወጣሁት ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ክርክሩን እያሸነፍኩ ነበር። ገማቹ ሽማግሌ ፍርዳቸውን ሰጡ። ይቺማ መሲና ናት፣ የማትወልድ ከብት ሀብት ተብላ በድርሻ አትቆጠርም፤ ልጁ እኩል ይካፈል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

እስከዚያ ያልተናገሩት ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ጎረቤታችን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“የእረኛው ደመወዝ አልተቆጠረም” አሉ። የትኛው እረኛ ብዬ ጠየቅኩ። “ቅጥሩ እረኛ ነዋ። አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ መስከረም ተሰናበተና ይቺ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ በጎቹን ያዘች። የእሱ ደመወዝ አምስት ዓመት ሙሉ ላንተ ተላከ።”

ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ነው፤ እህትህ ራሷ ትምህርት ጠላች ብላኛለች። ይህንኑ ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ እየሳቅኩ አውርቻለሁ። አባቴን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ቤቱ ውስጥ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የንስሐ አባታችን እህቴን አንቺስ ምን ትያለሽ አሏት። በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

“ትርፍ በግ አልጠይቅም አባቶቼ” አለች። “ዲግሪው መሲና ነው ካላችሁ ግን፣ እኔ ትምህርቴን የተውኩት ለምንድን ነው? እሱን ብቻ ንገሩኝ።”

ተቆጥታ አይደለም። የማያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው፤ መልስም ትጠብቅ ነበር። ለሁሉ ነገር ዋጋ የሚያውቁት ሽማግሌ በትራቸውን ያሻሹ ጀመር። እሷ ስትጠብቃቸው የኖረቻቸውን በጎች ልካፈል መጥቼ፣ በዚያ ላይ የእሷ ዕድሜ ከንቱ መሆኑን በወረቀት አስመሰከርኩ። ለዚያውም ማኅተም ባለው ወረቀት።

“ይቆጠርብኝ” አልኩ።

“ስንት ብለን?” አሉ ገማቹ።

“ዐሥራ ሁለት በግ።”

ቸርነት ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። ለጥያቄዋ ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ማሽኑን ጓደኛዬ ከሌላ ሰው ጋር ገዛው፤ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ውሉን እንድጽፍ እስክሪብቶውን ለመሐንዲሱ ሰጡ። “ልጁ” ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። እህቴ መጥታ ከእጄ ወሰደችውና ተንበርክካ፣ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋ “ልጁ ድርሻውን በትምህርት ወስዷል” ብላ ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።