ሰለሞንን የሸኘችው ስቴሽን ዋገን

ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ... መኪናዬ ውስጥ አስከሬን ጫኑብኝ።

ቀልድ አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዋን ከአምስት ወር በፊት ነው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ከሚኖር አንድ ኬንያዊ መካኒክ የገዛኋት። ያገለገለች ስቴሽን ዋገን ናት። ከውጭ ስትታይ ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ ጨዋ የቤት እመቤት ትመስላለች። ውስጧ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ለሞተሯ ጉልበት የሚሰጠውን ቱርቦ በትልቅ ቀይሮ፣ ማርሚታዋን ቆርጦ ሌላ ገጥሞ፣ ከመሬት ዝቅ አድርጎ ስንት ዓመት ለፍቶባታል። ቁልፉን ሲሰጠኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሲስተር፣ ቀስ ብለሽ አትንጃት፤ ትታመማለች» አለኝ።

እኔ ጊጊሪ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ሰነድ የምተረጉም፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ናይሮቢ ውስጥ «ይቺ ምን ታደርግልሻለች?» ያላለኝ ሐበሻ የለም። «ዕቃ ትይዛለች» እላለሁ። ውሸት ነው። የገዛኋት ነዳጁን ስረግጠው ደስ ስለሚለኝ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሰለሞንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ልንሸኝ ሆስፒታል ደጃፍ ተሰብስበናል። ሰለሞን ላቪንግተን ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው፣ ሁላችንም የምንወደው ሳቂታ ሰው ነበር። ቀብሩ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ተነግሯል፤ እናቱ እዚያ እየጠበቁ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ አስከሬን የሚቀበለው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ካለፈ አስከሬን የሚጭነው ቀጣይ በረራ ከሁለት ቀን በኋላ ነው አሉን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሎቱ አልቆ ሣጥኑ ሊጫን ሲል የአስከሬኑ መኪና ራዲያተር ፈላና... ቆመ።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እያዩ መጥተው የኔ ጋ ቆሙ። የኋላ በሯን አስከፍተው በክንዳቸው ይለኩ ጀመር።

«አራት ክንድ ተኩል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ከታጠፈ ትበቃለች።»

«ጋሽ በቀለ፣ ይቺ መኪና እኮ...»

«ምን ሆነች?»

ያ ሁሉ ለቀስተኛ ቆሞ ምን ልበል? የእሽቅድምድም ናት ልበል?

«ምንም አልሆነች» አልኩ።

ሣጥኑ በኋላ ገብቶ ጫፉ ከጎኔ ደረሰ። ከሞያሌ የመጣው የሰለሞን ታናሽ ወንድም ታምሩ እኔ ጀርባ ተጣቦ ተቀመጠ። ጋሽ በቀለ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ከፊት ካህናቱ፣ ቀጥሎ አንቺ። በዝግታ። ለሟች ክብር ነው» አሉኝ።

በዝግታ ወጣን። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ላይ የመኪናዋ ሆድ ለረጅም ጊዜ ተፋቀ። ከዚያ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ... ጧ! ጧ!

ከኋላችን ባለው ሚኒባስ ውስጥ ለቅሶው ቀጥ አለ። መንገድ ዳር ማንጎ የምትሸጥ ሴት ጠረጴዛዋ ሥር ገባች። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር በማርሚታዋ ትተኩሳለች። ለጄኔራል እንኳ ይሄን ያህል አይተኮስም። ከማፈሬ የተነሳ ከሰለሞን ጋር ቦታ ብንቀያየር ደስ ባለኝ ነበር።

አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ።

«ማዳም፣ ምን ጭነሻል?»

በእጄ ሣጥኑን አሳየሁት። ቆቡን አወለቀ። «ፖሌ ሳና» አለ፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ እንደማለት ነው። ግን አልሄደም። ዞሮ ማርሚታው ጋ ቁጢጥ ብሎ አየና ተመለሰ።

«የውድድር መኪና ናት?»

«የቤተሰብ ናት» አልኩት።

ሣጥኑን አየ፣ ታምሩን አየ፣ እለፊ አለኝ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ መንገዱን ገና አላጋመስነውም። ታምሩ ከጀርባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እህቴ... ይቺ መኪና መሮጥ ትችላለች?»

«ትችላለች።»

«እማዬ ካልመጣ አልገባም ብላ ደጅ ተቀምጣለች። ስምንት ሰዓት ካለፈ ምን ብዬ ልደውልላት?»

የካህናቱን መኪና ቀደምኩ።

ካህን መቅደም ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አስከሬን ይዞ ካህን መቅደም ምን እንደሚባል ግን አላውቅም፤ ከኔ በፊት ያደረገው ያለም አይመስለኝም። በመስታወቱ የጋሽ በቀለ እጅ በሚኒባሱ መስኮት ወጥቶ ሲወናጨፍ ታየኝ። ሰላምታ አልነበረም።

የፍጥነት መንገዱ ላይ ወጣሁ። ስንት እንደነዳሁ እዚህ አልጽፍም፤ እናቴ ይሄን ገጽ ታነባለች። መኪናዋ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተኮሰችም። ታምሩ በአንድ እጁ ሣጥኑን፣ በሌላው ወንበሬን ጨብጦ «በስመ አብ» ይላል።

ለስምንት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ካርጎው በር ላይ ደረስን። ሠራተኛው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ማኅተሙን መታበት።

ታምሩ ግድግዳ ተደግፎ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። እየሳቀ ነው።

«ምነው ታምሩ?»

«ሰለሞን... ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሰለሞን ከሞተ ጀምሮ ያላወጣሁት ለቅሶ እዚያ ወጣልኝ።

ጋሽ በቀለና ሌሎቹ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደረሱ። ለቁጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ማኅተሙን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ከሰው ለየት አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኔ ቀን ሲደርስ ግን... አደራሽን፣ ሌላ መኪና ይፈለግልኝ።»

እሺ ብያቸዋለሁ... ያን ቀን የካርጎው ሰዓት ካልተጣበበ ነው እንግዲህ።