ጋሼ ኖኅ ይሉኝ የነበሩት ልጆች

የማስተምርበትን ክፍል ቀምተውኛል። ሌላ ወሬ የነገራችሁ ካለ ውሸቱን ነው።

ያገሬ ሰዎች፣ ከመርሐቤቴ በወጣሁበት ሌሊት አይሱዙ ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር ስጫን መሬት የለኝ፣ ፊደል የለኝ፤ ያለኝ በቃሌ የያዝኩት መዝሙር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ቤት ተከራየሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ደግሞ እንደኛ አገር የልጁን የከብቱን ደኅንነት አይጠይቅም፤ «ሰላም ነው?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ታክሲ ይሳፈራል። ሳንጎራጉር አከራዬ ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው።»

«አንድ ነኝ እኮ እትዬ።»

«ስትዘምር አሥር ትሆናለህ!»

በሰፈሩ ደብር ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። እሑድ እሑድ የሕፃናቱ መምህር የኖኅን ታሪክ ሲያስተምር በመስኮት እሰማለሁ። በሳምንቱ ሲጠይቃቸው የሚመልስ የለም። አንድ ቀን መምህሩ ቀረና ልጆቹ ሲረብሹ ገባሁ፤ እንስሳቱ ሁለት ሁለት ሆነው መርከቡ ውስጥ ሲገቡ እያጨበጨብን በመዝሙር ነገርኳቸው። በሳምንቱ መምህሩ «መርከቡን ማን ሠራ?» ቢል ክፍሉ በሙሉ ዘመረለት። አስተዳዳሪው አባ ይህን ሰምተው ክፍሉን ለእኔ ሰጡኝ። ሦስት ዓመት ትምህርቱን ሁሉ በመዝሙር አስተማርኩ። ትንንሾቹ «ጋሼ ኖኅ» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዲስ ኃላፊ መጣ፣ ላፕቶፕ ያነገተ ወጣት።

«ጋሼ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ሲላበሱን እንዴት ይከተላሉ? ይማሩ፣ ክፍሉ ይጠብቅዎታል።»

በአርባ ስድስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ። ለጣቴ ከእርሳስ ዶማ ይቀለው ነበር። ሁለት ዓመት ለፍቼ ሰርተፍኬቴን ይዤ ቀረብኩ።

«ጎበዝ! ግን አሁን መዝሙር ከትምህርቱ ወጥቷል፤ የራሱ ክፍል አለው።»

«እዚያ አስገባኝ።»

«እዚያ የዕድሜ ገደብ አለ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አስለፋኸኝ?»

«መማር መቼም አይጎዳም።»

ክፍሌ እንዲመለስልኝ በገዛ እጄ ጽፌ ኅዳር 22 ቀን ለሰበካ ጉባኤው አመለከትኩ። እሑድ በሩን እየጠበቅሁ እሰማለሁ፤ ጠያቂ አለ፣ መላሽ የለም። ልጆቹ በመስኮት ያዩኛል። ገብቼ አልዘምር፣ ትቼ አልሄድ።

መልሱ በፖስታ ታሽጎ መጣ። አንብቡልኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም፤ በዕድሜዬ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። «በጥበቃ ሥራዎ ብቻ እንዲወሰኑ» ይላል። ከላይ በቀኝ በኩል የተጻፈበትን ቀንም አነበብኩት። ኅዳር 15።