ክንፍ መራጯ

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት እጄ ላይ ሲያርፍ፣ ያ ሙቀትና ያ የቀለም ሽታ ዛሬም ሥራዬን ያስረሳኛል። ባልደረቦቼ «ደግሞ ሄደች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ እሄዳለሁ። እዚሁ ሰቆጣ ቁጭ ብዬ አንድ የድሮ እሑድ ከሰዓት ውስጥ እገባለሁ።

ታላቅ እህቴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ገበያው አጠገብ ባለ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ትጽፍ፣ ፎቶ ኮፒም ታነሳ ነበር። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እሑድ እሑድ ባለቤቱ ቁልፉን ይተውላታል። በቆርቆሮው ሽንቁር በምትገባው ብርሃን አቧራው ሲንሳፈፍ፣ ሁለታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን በኮምፒውተሩ አውሮፕላን እናበርር ነበር። ጌሙን በፍላሽ ያመጣላት ኮምፒውተሩን የሚጠግነው ሰውዬ ነው።

ከመነሳት በፊት ክንፍ ይመረጣል። መምረጡ የእኔ፣ ማብረሩ የእሷ ነበር። አጭሩ ክንፍ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ የሚያምር፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወረወር ነው፤ ግን ቀስ ማለት አያውቅምና ረጅም አስፋልት ካላገኘ አያርፍም። ረጅሙ ደግሞ እንደ ጭላት ሳያርገበግብ ይንሳፈፋል፣ ያገኘው ሜዳ ላይ እፎይ ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ አጭሩን እየመረጥኩ ስንት ተራራ ላይ አጋጨኋት! «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እቴ» ብላ ብላ ረጅሙን አስለመደችኝ።

ጌሙ ላይ ሰቆጣ የለችም። ከላሊበላ ተነስተን ወደ ሰሜን፣ መሬቱን እያየን መፈለግ ነው። እህቴ አውሮፕላኑን እንደ በቅሎ ታናግረው ነበር። «ኧረ ቀስ በል! ያ ጠይሙ ቆላ አበርገሌ ነው፣ ሰቆጣን አልፈናታል፣ ተመለስ!» አንድ እሑድ ስም የሌለው ቡናማ ሜዳ ላይ ደረስን።

«ይቺ ናት ቤታችን» አለችኝ። «እማዬ በር ላይ ጥጥ ስትፈትል አትታይሽም?»

ማርያምን፣ ታየችኝ። አትሳቁብኝ። ልናርፍ ዝቅ ስንል መብራት ጠፋ።

ያን ሰሞን ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርቷ ደርሶ ነበር። «እውነት ትሄጃለሽ፣ እታለም?» አልኳት።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ «ደጃችን ሳላርፍማ የትም አልሄድ» አለችኝ። እሷ ለማባበል ያለችውን እኔ እንደ መሐላ ያዝኩት።

የመጨረሻዋ እሑድ መጣች። የአውቶቡስ ቲኬቷ ለሰኞ ጠዋት ተቆርጧል። እሷ በር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስትሰነባበት እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ረጅሙን ትቼ አጭሩን ክንፍ መረጥኩ። ካላረፈች አትሄድም፤ በልጅነት ልቤ የተማመንኩት ይኼንን ነበር።

ተመልሳ ስትቀመጥ ክንፉን አየችው። እኔንም አየችኝ። መቀየር ትችል ነበር፣ አልቀየረችውም። ሸንተረሩም ቆላውም ከሥራችን ተስቦ አለፈ። ቤታችን ጋ ስንደርስ ዝቅ አደረገችው፤ አውሮፕላኑ ግን ፍጥነቱ አልበርድ ብሎ ሜዳውን ጥሎ ሄደ። ሦስቴ ተመለሰች፣ ሦስቴ አለፈ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሹራቧ ወረቀት ወረቀት ይሸት ነበር።

«አላረፍኩም እንግዲህ፣ አየሽ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ አልጋዋ ተነጥፎ ነበር።

ረጅሙን ብመርጥላትም መሄዷ አይቀርም ነበር። ግን ደጇ ላይ አርፋ ትሄድ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆኗል። እማዬም ብርዱ አልቻል ብሏት በር ላይ መቀመጡን ትታለች። እህቴ አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ ከኋላዋ የምታሳድጋቸው የሰው ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«መቼ ነው የምትመጪው?» እላታለሁ።

«ክንፉን አንቺ ምረጪያ» ትለኛለች፣ እየሳቀች።

«ረጅሙን» እላታለሁ። «ረጅሙን፣ እታለም።»