ከባድ ብረት

ባለፈው እሑድ ቁርስ ላይ ልጄ ማህሌት ስልኳን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ሙዚቃ ትሰማ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከዘፈን ሁሉ መርጣ የወደደችው ሄቪ ሜታል ነው። ፉሪ ያለው ቤታችን ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔም ወድጄ ሳይሆን በግዴ እሰማለሁ። «ይሄን ጩኸት ቀንሺው» የምላት በቀን ሁለቴ ሦስቴ ነው። የዚያን ዕለት ግን ቀንሺው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ከስልኩ የሚወጣው የተሻከረ የካሴት ቅጂ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ከበሮው ይሮጣል፣ ጊታሩ ያጉረመርማል፣ አንድ ጎረምሳ ከሆዱ እየቆፈረ ያገሳል። ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ከሩቅ «ልጆች፣ ሻይ ደርሷል፤ ጩኸቱን ተዉትና ጠጡ» ትላለች። ድምፁ የእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ እዚሁ ነፋስ ስልክ የተቀዳ ነው» አለችኝ ማህሌት። «አንድ ፈረንጅ ያልተዘመረላቸው የሜታል ባንዶች ብሎ ከየአገሩ ሰብስቧል። ከኛ አገር አንድ አግኝቷል። ስማቸው ከባድ ብረት። አይገርምም?»

«ይገርማል» አልኳትና ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሄቪ ማለት ከባድ፣ ሜታል ማለት ብረት፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛዬ እኮራ ነበር፤ ወደ አማርኛዬ ግን ዞር ብዬ አላየሁም። በአማርኛ ብረት የመስኮት ፍርግርግም ነው፣ ጠመንጃም ነው። ይህን ሰፈር ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ ረሳሁት።

ባንዱ ሦስት ሰው ነበር። ከበሮ የሚመታው ተካልኝ የእትዬ ዘነበች ልጅ ነው፤ ከሟች አባቱ በወረሰው የብየዳ ቤት በርና መስኮት እየሠራ እናቱን ይጦራል። ከበሮውንም ራሱ ነው የሠራው። ትልቁ ከግማሽ በርሜል የተሠራ ቆዳ የተወጠረበት፣ አብረውት የሚንኳኩት ሳህኖች ከላሜራ የተቆረጡ፣ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ከአሮጌ የስፌት መኪና የተፈታ ነው። ጊታር የሚጫወተው ጀማል ነው፤ አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። እኔ ዘፋኙ ነበርኩ። ሙዚቃውን የተማርነው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሰጠን ካሴት ሲሆን፣ የሽፋን ወረቀቱ ስለጠፋ ዘፋኞቹ እነማን እንደሆኑ እስከዛሬ አላውቅም። እንዲያ ተብሎ ሲዘፈን ከካሴቱ በፊት ሰምተን አናውቅም ነበር፤ አንዴ ከሰማን ግን ሌላው ዘፈን ሁሉ ውኃ ውኃ አለን።

የምንለማመደው ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክረምት ነበርና ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ያለው መንገድ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ከእሷ ገዝተን፣ ፍሬውን እየፈለፈልን፣ እርጥብ ብረትና የተቃጠለ ቀለም ወደሚሸተው ክፍል እንገባለን። እኔ ማግሳት ስጀምር በር ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞች ይደነግጣሉ። አንዲት ጎረቤት እትዬ ዘነበችን «ያንን ልጅ ጠበል ወስዳችሁት ታውቃላችሁ?» ብላ ጠይቃቸዋለች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ነበር። ድምፄ ለምን እንደሚሰነጠቅ ሲጠይቀኝ ጉንፋን ነው እለዋለሁ። ያን ክረምት ጉንፋኔ አልለቀቀኝም።

በነሐሴ ማብቂያ ተካልኝ የሰፈሩን የወጣቶች አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለምኖ አገኘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ልንቆም ነው። ተካልኝ ለዚያች ቅዳሜ እንደ ሙሽራ ነው የተሰናዳው፤ ሳህኖቹን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ አበራቸው፣ የእናቱን የዕድር ጓደኞች ሳይቀር ጠራ። ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። «ከባድ ብረት! ቅዳሜ በ8 ሰዓት ነፋስ ስልክ ይፈነዳል» አልኩና ከሥሩ የተካልኝን ቤት አቅጣጫ አስቀመጥኩ። ሐሙስ ጠዋት በየመብራት እንጨቱ ለጠፍነው።

ወቅቱ ከተማው የተጨነቀበት፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚያወራበት ወቅት ነበር። ይህንንም ያላሰብኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ልምምድ ላይ ሳለን እትዬ ዘነበች በጦስኝ የፈላ ሻይ በሦስት ብርጭቆ አምጥተው በርሜሉ ላይ አኖሩልን። የእኔን እንዳነሳሁ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱና አንድ ያልለበሰ ሰው ገቡ። ያልለበሰው ሰው የእኔን ማስታወቂያ ይዟል፤ ሙጫው ገና አልደረቀም።

«ብረቱ የታለ?» አለ።

ተካልኝ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማ ሰው ነው። «የትኛው? የመስኮቱ ከሆነ ቀለም ብቻ ነው የቀረው» አለው።

«አትቀልድ። ከባዱን ነው የምልህ።»

«ከባዱማ የጋራዡ በር ነው። እሱን ለማንሳት አራት ሰው ያስፈልጋል።»

ጀማል ሳቀ። ሰውየው ወረቀቱን ዘረጋና «ይፈነዳል የሚለውስ?» ሲል ግን ሳቁ ቆመ። ነገሩ ሦስታችንንም እኩል ገባን። ተካልኝ ባንድ እንደሆንን፣ ብረት የሙዚቃው ዓይነት እንደሆነ እየተንተባተበ አስረዳ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በእውነት ሊረዳ ፈልጎ ይመስለኛል፣ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ዝፈኑና እንያችሁ» አለ። «ዘፋኙ ማን ነው?»

ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ፈተና አልፌ፣ ከቀበሌ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ እየጠበቅኩ ነበር። አባቴ ሊሰማ ነው፣ ደብዳቤው ሊቀር ነው፣ ስሜ ሊጻፍ ነው፤ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። አፌን ከፍቼ ብዘፍን ነገሩ ሁሉ እዚያው በሳቅ ያልቅ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔም ሳላውቅ አልቀረሁም። ብርጭቆውን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «እኔ ሻይ ልጠጣ ነው የገባሁት።»

ተካልኝ ዞር ብሎ አላየኝም። ያለ ዘፋኝ ጀመሩ። ላሜራው ተንኳኳ፣ ጊታሩ ጮኸ፤ የሚዘፍን ሰው ስለሌለው የጋራዥ ሥራ ይመስል ነበር። «ይሄ ዘፈን ነው?» አለ ሰውየው፤ ትዕግሥቱ አልቋል። «ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ተካልኝ። ስሙን እንኳ አስተካክሎ የማይጽፈው ተካልኝ።

ሰውየው በሩ ላይ ወደቆሙት እትዬ ዘነበች ዞረ። «እናቴ፣ ይሄስ ልጅ ማን ነው?»

እትዬ ዘነበች አዩኝ። ያን ክረምት ሙሉ ምሳ ያበሉኝ፣ የረጠበ ካልሲዬን ያደረቁልኝ ሴት ናቸው። «እንግዳ ነው» አሉ። «ብርድ ነው፣ ሻይ ጠጣ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ስሜን ሳይጠሩ «ሻይህን ጠጣና ሂድ፣ ልጄ» አሉኝ።

ብርጭቆውን በርሜሉ ላይ መለስኩና ወጣሁ።

ተካልኝና ጀማል ከነከበሮውና ከነጊታሩ ተወሰዱ። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጋ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። በሩ ተቆልፎ ሦስት የዕድር ሴቶች ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። የልጆቹን መታሰር አልሰሙም፤ የእትዬ ዘነበችን ልጅ ሊያዩ ነው የመጡት። አንዷ «ቀረ እንዴ?» ብትለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔ እንጃ፣ እናቴ» አልኳት። እሑድ ደግሞ እትዬ ዘነበችን ታክሲ ሲጠብቁ አየኋቸው፤ ለልጃቸው ስንቅ ይዘዋል፣ ምሳ ዕቃው በፌስታል ተቋጥሯል። ተቀብያቸው መሸኘት ሲገባኝ በቆሎ ጠባሿ ጀርባ ተሸሸግኩ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ እንባዬም መጣ፤ ለእሳቸው ያለቀስኩ ለመምሰልም ሞክሬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ይልቅ የምጠላው ይህን ነው።

ሰኞ ተለቀቁ፤ ማንም አልነካቸውም። ከበሮው ግን ውስጡ ሲፈተሽ ቆዳው በቢላ ተተርትሮ ነው የተመለሰው። ጀማል ወደ አባቱ ሱቅ ገባ። ባንዱ በዚያው ቀረ። ደብዳቤዬ በሳምንቱ መጣ፣ «ጠባዩ የተመሰገነ» ይላል። በዚያ ደብዳቤ ነው ሥራ የያዝኩት፣ በዚያ ሥራ ነው ቤት የሠራሁት።

ተካልኝ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ «ሰላም ነው?» ይላል፤ መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ። ፉሪ ቤት ስንሠራ ሚስቴ «ነፋስ ስልክ ጎበዝ በያጅ አለ ይባላል» ብላ በሩን ለእሱ ልትሰጥ ነበር። ውድ ነው ብዬ ዋሸኋትና ሌላ ሰው ጋ አሠራን፤ ይኸው ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። እትዬ ዘነበች ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ ድረስ ሄጄ ነበር። ከበሩ ላይ ተካልኝን ተቀምጦ አየሁት፣ ፀጉሩ ሸብቷል። እግሬ አልገባ አለኝና ተመለስኩ። የእሳቸውን ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ስማ ደግሞ» አለች ማህሌት ከስልኳ ሳትነቀል። «የአባላቱን ስም ጽፈዋል። ከበሮ፣ ተካልኝ። ጊታር፣ ጀማል። ድምፅ...» ሳቀች። «ድምፅ፣ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሰው። ቀልደኞች ናቸው።»

ያን ክረምት አንድ ቀን ልምምዳችንን የቀዳንበት ካሴት ያለው ተካልኝ ጋ ብቻ ነው፤ የላከው እሱ ነው፣ የጻፈውም እሱ ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እያሰብኩት ነው። ቀልዶብኝ ይሆን፣ ቂም ይዞብኝ ይሆን፣ ወይስ ዛሬም ሊደብቀኝ ፈልጎ? ስሜን ቢያወጣው መብቱ ነበር፣ ጨርሶ ቢሰርዘኝም መብቱ ነበር። እሱ ግን እኔው በገዛ አፌ ያወጣሁትን ስም ነው የጻፈልኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ አድርጎ በትክክል የጠራኝ ሰው አላጋጠመኝም። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል። እሄዳለሁ እያልኩ ይኸው ሳምንት ሆነኝ።

«እና ጠጣው?» አለች ማህሌት የዚያን ዕለት ቁርስ ላይ።

«ምኑን?»

«ሻዩን ነዋ።»

«አልጠጣውም» አልኳት። «እንደሞላ ትቶት ነው የወጣው።»

ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «አንተ በምን አወቅክ?»

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ተነስቶ እንደገና ሊያልቅ ደርሶ ነበር። እትዬ ዘነበች ሻይ ደርሷል እስኪሉ ጠበቅኩና ነገርኳት።