ከቪዲዮው የቆረጥኩት ዓረፍተ ነገር

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እናንተ ስሙኝ፤ እየቸኮልኩ ባወራም ታገሱኝ።

ሶማሌ ክልል፣ ሐርተሼክ መምህር ሆኜ የተመደብኩ ጊዜ ከሁሉ ያስፈራኝ ቢርካ ነበር። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ልጅ ከገባበት ግድግዳው መያዣ የለውም። እኔ ደግሞ ስልክ አለኝ! ባዶ ጄሪካን በገመድ አስሬ ውሃው ላይ እየወረወርኩ፣ የወደቀ ሰው እሱን ይዞ እንዴት እንደሚንሳፈፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራሁ። ያውም እኔው ራሴ በሶማሊኛ እየተናገርኩ!

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አቃተኝ። «የጄሪካኑን ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ» የምለው ላይ ምላሴ ተሳሰረ፤ ብደጋግመውም ባሰበት። እንዳይስቁብኝ ቆረጥኩት። አዎ፣ እኔ ቆረጥኩት። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ጄሪካኑ ውሃ ሞልቶ እንደሚሰምጥ እያወቅኩ ቆረጥኩት!

ቪዲዮው በቴሌግራም ቻናሌ ሊንክ ከስልክ ስልክ እየዞረ ጅጅጋ ደረሰ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ማዓሊን፣ ሶማሌ ሆነሃል!» ይለኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። ደስታዬን ምን ልበላችሁ? የምሆነው ጠፋኝ።

ከዚያ የጎረቤቴ የፎዚያ ልጅ ቢርካ ውስጥ ወደቀች። ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ስደርስ ፎዚያ ጄሪካኑን ወርውራለች፤ ልክ እንዳሳየኋት፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ። ልጅቷ ያዘችው። ያዘችው! «ተረፈች!» ብዬ ጮህኩ። ጄሪካኑ ግን በተከፈተው አፉ ውሃ እየጠጣ ልጅቷን ይዞ ሰመጠ። ውሃ ሊያራግፍ የመጣ የቦቴ ሹፌር ዘሎ ባይገባ ኖሮ... ገባ! አወጣት! ሳለች፣ አለቀሰች፤ እኛም አብረን አለቀስን።

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ያን ዓረፍተ ነገር እስኪቀናኝ ተለማመድኩ። ቪዲዮው ውስጥ አስገባሁት፤ የድሮውን ከቻናሌ አጥፍቼ አዲሱን በቦታው ለጠፍኩ። ማንም አላወቀብኝም።

ፎዚያ አዲሱን አየችው፤ የድሮው ነው የመሰላት። መጥታ ደጄ ላይ ቆመች።

«ማዓሊን፣ አንተ ነግረኸን ነበር፤ ክዳኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ ሰው ሲደነግጥ ይረሳል» አልኳት! በእኔ ጥፋት እሷን ይቅር አልኳት፤ እሷም አመሰገነችኝ። ከዚህ የባሰ ምን ውሸት አለ?

አሁን ጅጅጋ ተዘዋውሬያለሁ። አዲሱ ቪዲዮ ዛሬም ይዞራል፤ እሱን አይተው ልጅ እንዳተረፉ የሚነግሩኝ አሉ። ስሰማ በደስታ ልቤ ይዘላል፣ አልዋሽም። ግን ያ እኔን ያነጻኛል? አያነጻኝም። ሐርተሼክ ውስጥ ፎዚያን እስካሁን «ክዳን የረሳችው» ይሏታል አሉ።

የድሮው ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ደጇ ላይ ጠርቼ አሳያቸዋለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እስኪነጋ ቸኩያለሁ! ሰበብ አልደረድርም፤ ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም። የምላት ይህን ብቻ ነው፦ ፎዚያ፣ አንቺ ምንም አልረሳሽም። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።