ባዶ እግራቸውን የተሳፈሩት መምሬ

በሰባ ሰባት፣ በድርቁ ጊዜ፣ የእርዳታ ስንዴ ጭኜ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ መንገድ ላይ አሳፈርኩ። ጋቢና ሊገቡ ሲሉ ከጎማ የተሠራ በረባሷቸውን አወለቁና ወንበር ስር ሸጎጡት።

"ኧረ መምሬ፣ ከነጫማዎ ይግቡ!"

"የተራበ ሰው እህል የጫነ መኪናማ በጫማ አይረገጥም፣ ልጄ።"

ሆዴ ባባ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ጉራዬ መጣ። አስመራ ጋራዥ ሳለሁ የውድድር መኪና ይነዳ የነበረ ጣሊያን ያስተማረኝን ላሳያቸው ፈለግሁ።

"ፍሬን ላይ አይተኛም መምሬ፤ ረገጥ አድርጎ ለቀቅ ነው። ይኸው ይዩ!"

ረገጥኩ። ፔዳሉ አልወርድ አለ። ብደግመው ጭራሽ ድንጋይ ሆነ። ላብ በላብ ሆኜ ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ገደሉን ሸሽቼ የመኪናዋን ጎን ከተራራው ጋር አፋተግሁት።

"አብሽር፣ ማርያም አለች" ይሉኛል መምሬ።

መኪናዋ ኩርባው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔ ገና መሪውን ሳልለቅ፣ መምሬ ጎንበስ ብለው ወለሉን ይዳብሳሉ።

"ምን ጠፋዎት?"

"አንዱ በረባሶዬ። እስቲ ልጄ፣ ከምትረግጣት ብረት ስር እይልኝ።"